የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመራረጥ፦ ለአዲስ አበባ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በአዲስ አበባ አብዛኛው ወላጅ ለልጁ ትምህርት ቤት መፈለግ የሚጀምረው ሰኔ ካለቀ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የሚታየው ትምህርት ቤት ሳይሆን ግቢ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ በሩ ላይ የምዝገባ ባነር ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል፣ የሚያስተምሩት መምህራንና የሚማሩት ልጆች ግን በቦታው የሉም። ስለዚህ ልጅዎ በመስከረም አንደኛ ክፍል የሚገባ ከሆነ ፍለጋውን ከጥር ወይም ከየካቲት ይጀምሩ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ነባር ተማሪዎቻቸውን መመዝገብ የሚጀምሩት በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ ለአዲስ ተማሪ ስንት ቦታ እንደሚተርፍ የሚታወቀውም በዚያው ሰሞን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ አይተው ጨርሰው መወሰን ይኖርብዎታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁለት ልጆች አስገብቼ፣ አንዷንም ከአንድ ትምህርት ቤት አውጥቼ ወደ ሌላ ካዛወርኩ በኋላ የጨበጥኩት ነው። እርምጃዎቹ እኩል ክብደት የላቸውም፤ ጊዜ ካጠረዎ ሁለተኛውንና አራተኛውን ብቻ ይሥሩ።

1. ጉዞውን ይለኩ

ስለ ትምህርት ጥራት ከማሰብዎ በፊት ርቀቱን ይወስኑ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ስለሚጀምር፣ አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ልጅ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ እንዲማር ከተደረገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳቱ፣ መገናኛን በጠዋቱ መጨናነቅ መሻገሩ፣ ማታም ደክሞት ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ማንጎላጀቱ አይቀርም። ርቀቱን በእሑድ ከሰዓት በኋላ በሚነዱት መኪና አይገምቱ። ሰኞ ጠዋት ከ1 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ፣ ልጁ በሚሄድበት መጓጓዣ፣ ልጁ በሚሄድበት መንገድ ራስዎ ይሂዱና ሰዓት ይያዙ። መንገዱ ለኮሪደር ልማት እየተቆፈረ ከሆነ ደግሞ በየትኛው በኩል እንደሚዞሩ አስቀድመው ይወቁ።

ለሰባት ዓመት ልጅ ከ40 ደቂቃ የበለጠ የአንድ መንገድ ጉዞ ይበዛል ባይ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ያለ መካከለኛ ትምህርት ቤት ከተማ አቋርጦ ከሚኬድበት ስመ ጥር ትምህርት ቤት ለትንሽ ልጅ ይሻለዋል፤ ይህን የማይቀበሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የጎረቤቴ ባለቤትም አንዷ ናቸው። ነገር ግን ልጁ ታሞ እንዲወሰድ ሲደወልልዎ በ10 ደቂቃ መድረስዎ፣ ቅዳሜም ከክፍል ጓደኛው ጋር ሰፈር ውስጥ መጫወቱ በገንዘብ የማይገዛ ጥቅም ነው።

በዚህ መሠረት በካርታ ላይ ከአምስት የማይበልጡ ትምህርት ቤቶች ለይተው ይጻፉ። ጨርሰው ከመሄድዎ በፊት ደግሞ በዚያው ክልል ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ዝርዝሩ ውስጥ ቢያካትቱት አይቆጭዎትም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደንብ ልብስና የጽሕፈት መሣሪያ በነፃ ይቀርባል፣ አንዳንዶቹም በመምህር ብስለት ከአጠገባቸው ካለው የግል ትምህርት ቤት ይበልጣሉ።

2. ፈቃዱን በዓይንዎ ይዩ

በከተማዋ ለግል ትምህርት ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚያድሰውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አለው ወይ ብለው ከጠየቁ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት ለየትኛው እርከን፣ ለየትኛው አድራሻና እስከ መቼ የሚል ነው። አሁን ባለው አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ በ1986ቱ ፖሊሲ እስከ 8ኛ የነበረው ተከፍሎ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። ስለዚህ የአፀደ ሕፃናት ፈቃድ የያዘ ትምህርት ቤት ሁሉ አንደኛ ክፍል ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም፣ እስከ 6ኛ የሚያስተምርም ልጅዎን ከዚያ በኋላ ላያቆየው ይችላል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ያስገባሁበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቆየኝና፣ ሦስት ዓመት በአፀደ ሕፃናት በደንብ ያስተማረ ስለነበር አንደኛ ክፍል ሲከፍት ምንም ሳልጠይቅ አስቀጠልኳት። ለካ የአንደኛ ክፍል ፈቃድ ገና በሂደት ላይ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ላዛውራት መሸኛ ስጠይቅ የተሰጠኝ ወረቀት በተቀባዩ ትምህርት ቤት ተቀባይነት አላገኘም፤ ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ተመላለስኩ፣ ልጅቷም በመጨረሻ በፈተና ተመዝና ገባች። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ቆሜ ብቻ ባነበው ኖሮ «ቅድመ መደበኛ» የሚለውን ቃል አየው ነበር።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የኢንስፔክሽን ውጤቱን ይጠይቁ። በአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት በተከፈሉ 26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ደረጃ 3 እና 4 መስፈርቱን አሟልቷል ማለት ሲሆን፣ 1 እና 2 ከሚጠበቀው በታች ነው ማለት ነው። ደረጃውን ሲነግሩዎት በስንት ዓ.ም. የተሰጠ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ከዚያም ግብረ መልሱን እንዲያሳዩዎት በትሕትና ይጠይቁ። ደረጃ 2 ሆኖ የተጻፈበትን ጉድለት አውጥቶ ያሳየኝና ይህንንና ይህንን አስተካክለናል ያለኝ ርዕሰ መምህር፣ ደረጃ 3 ነን ብሎ ወረቀቱ ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ነው ካለኝ ይልቅ አሳምኖኛል።

ግቢው የኪራይ ከሆነ ውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው መጠየቅ ነውር አይደለም። በከተማዋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ ይሠራሉ፤ አከራዩ ቤቱን ሲፈልገው ወይም አካባቢው ለልማት ሲነሳ ትምህርት ቤቱ ሰፈር ይቀይራል፣ በእርምጃ 1 የለኩት ጉዞም ከንቱ ይሆናል።

3. በየትኛው ቋንቋና በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያስተምሩ ይጠይቁ

በአዲስ አበባ ሥርዓተ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ከታች ጀምሮ ይሰጣል፣ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ግን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚሠራው ከዚህ የተለየ ነው። ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተሰጡ፣ የከተማው መጽሐፍ ደግሞ ለወጉ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይገለጣል። ሁለት መጽሐፍ የሚሸከመው ልጅ ነው፤ 6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሲመጣ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ እንደገና ማጥናት ይገባል።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የምለው ልጅ አንድ ቋንቋ አንብቦ መረዳት ሳይችል በሁለት ቋንቋ መንገዳገድ እንደሌለበት ነው። ወላጅ በምዝገባ ቀን የሚማረከው ልጆች ሰልፍ ላይ በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ አይቶ ነው፤ እነዚያው ልጆች የአማርኛ መማሪያ መጽሐፋቸውን አንድ ገጽ እንዲያነቡ ቢጠየቁ ስንቶቹ እንደሚዘልቁት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን በቀጥታ ይጠይቋቸው፦ ሒሳብ በየትኛው መጽሐፍ ይሰጣል? አማርኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? አፋን ኦሮሞን የሚያስተምረው መምህር ቋሚ ነው ወይስ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል? ግብረ ገብ፣ ክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ በእርግጥ ይሰጣሉ ወይስ ካርድ ላይ ብቻ ነው የሚሞሉት? መልሱን ከግድግዳው የክፍለ ጊዜ ድልድል ጋር ያመሳክሩ።

የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉትን በተመለከተ ብዙ አልልም። እንደ ሊሴ ገብረ ማርያም ያለው ትምህርት ቤት የፈረንሳይን ሥርዓት ስለሚከተል ልጁ የሚጓዝበት መንገድ ከመጀመሪያው ሌላ ነው፤ ወደዚያ የሚገባ ልጅ እስከ መጨረሻው እንደሚቀጥል ታስቦ መሆን አለበት፣ መሐል ላይ ማውጣት ለልጁ ከባድ ነው። በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩት ደግሞ ክፍያቸው መጠነኛ ስለሆነ ተመዝጋቢያቸው ብዙ ነው፣ አንዳንዶቹም በዕጣ ይቀበላሉ። ዕጣ ያስገቡ፣ ነገር ግን በዕጣ ተማምነው ሌላውን ፍለጋ አያቋርጡ።

4. በሥራ ቀን ሄደው ደብተር ይግለጡ

የዚህ ሁሉ ነገር ልብ ይህ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ የወላጆች ቀን ወይም የዝግጅት ቀን እንዲሆን አይፍቀዱ፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይሂዱ፣ የዕረፍት ደወል እስኪደወልም ይቆዩ። ሕንፃውን አስጎብኝተውዎት ቢሮ ሲመለሱ፣ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብና የአማርኛ ደብተሮች እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው የሚመጣልዎ ደብተር የክፍሉ አንደኛ ተማሪ ደብተር ስለሚሆን አመስግነው ይቀበሉና ሦስት አራት ሌሎች እንዲጨመሩልዎ ይጠይቁ።

አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ ያቀረቡልኝ የሒሳብ ደብተር በላስቲክ የተሸፈነ፣ ቁጥሩ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነበር። በኅዳር የተሠራውን ገጽ ገለጥ ሳደርገው 47 ሲደመር 38 እኩል ይሆናል 75 የሚል መልስ አየሁ፣ በላዩም በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት። ልጁ የያዘውን አስር ወደ ቀጣዩ ቤት ማሻገር ረስቷል፤ ይህ የዚያ ዕድሜ ልጅ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ሁለት ገጽ ወረድ ብሎ 56 ሲደመር 27 ደግሞ 73 ሆኗል፣ ራይቱም እንደ በፊቱ ተደግሟል። ልጁ በኅዳር የጀመረውን ስህተት እስከ የካቲት ይዞት ሲሄድ ማንም አላስቆመውም፣ ካርዱ ላይ ግን 94 ተሞልቶለት ነበር። ያ ትምህርት ቤት በሰፈሩ በጣም የታወቀ ነው፤ ስህተት የሌለበት መምህር እንደሌለ ባውቅም ልጄን አላስገባሁም።

ደብተር ሲገልጡ የሚያዩት ጥቂት ነገር ነው። ቀኖቹ ሳይዘለሉ ይከታተላሉ ወይስ በመሐል ሁለት ሳምንት ባዶ አለ? ስህተት ከተመለከተ በኋላ ልጁ እንደገና የሠራው እርማት አለ? የአማርኛው ደብተር ውስጥ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች በሁሉም ልጆች ደብተር አንድ ዓይነት ከሆኑ ልጆቹ እየጻፉ ሳይሆን ከሰሌዳ እየገለበጡ ነው። ቃል ጽሕፈት ይሰጣል ወይ? በቃል ጽሕፈት ልጁ የሰማውን ራሱ ስለሚጽፍ የሚያውቀው ፊደል በሙሉ ይወጣል፤ የማያውቀውም አብሮ ይወጣል።

የልጅ ንባብን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድሮ የኔታ በስንደዶ ፊደሉን እያመለከቱ ሲያስቆጥሩ በአግድም፣ በቁልቁል፣ ከመሐልም እየነጠሉ ይጠይቁ የነበረው፣ ልጁ ዜማውን ይዞ ፊደሉን እንዳይስተው ብለው ነው። 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት አድርጎ የሚዘምር ልጅ 231ዱንም ለይቷል ማለት አይደለምና፣ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ከተፈቀደልዎ መምህሯ ፊደሉን የምትጠይቀው በተርታ ነው ወይስ በመንጠል የሚለውን ይከታተሉ። እጅ ያላወጡትን ልጆች ትጠይቃለች? ኋላ የተቀመጠው ልጅ ስሙ ይጠራል? አስር ደቂቃ ይበቃዎታል።

ደወል ሲደወል ወደ መጸዳጃ ቤቱ ይሂዱ። ጣሪያ ላይ ሮቶ መኖሩ ውኃ መኖሩን አያሳይምና ቧንቧውን ራስዎ ይክፈቱት፣ በፈረቃ ውኃ በማይመጣበት ቀን ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ። የሴትና የወንድ መለያየቱን፣ በሩ ከውስጥ መዘጋቱን፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ጋር አብረው የሚሰለፉ መሆን አለመሆናቸውን ይዩ። ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውል ልጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይናገራል፤ እናቶች ይህን ቀድመው ያውቁታል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቆመው ልጆቹ ሲጫወቱ ይመልከቱ፦ የሚሮጡበት ቦታ አለ? የሚጠብቃቸው ትልቅ ሰው ማን ነው? ምሳ ዕቃ ያልያዘ ልጅስ ምን ያደርጋል?

5. ስለ መምህራን ቆይታ ይጠይቁ

የመምህሩን ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከመምህራን ኮሌጅ ወይም ከኮተቤ የወጣ መምህር ለዚህ ዕድሜ ልጅ እንዴት እንደሚያስተምር ተምሮ ነው የመጣው፣ በሌላ ሙያ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ የሚያስተምር ደግሞ ሌላ ነው። ከወረቀቱ የበለጠ የሚናገረው ግን ቆይታው ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት መቶ ብር የጨመረለት ዘንድ ይሄዳል፣ አንዳንዱም በጥር ይሄዳል። «ባለፈው ዓመት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ካስተማሩት ውስጥ ዘንድሮ ስንቱ አሉ?» ብለው ይጠይቁ። ከግማሽ በታች ከሆነ ምክንያቱን ያጣሩ። የመምህራኑ ልጆች እዚያው የሚማሩ ከሆነም ደስ ይበልዎት።

የክፍሉን የተማሪ ቁጥር በወሬ አይቀበሉ፣ ወንበሩን ይቁጠሩ። ትምህርት ቤቱ 35 ብሎዎት ክፍሉ ውስጥ 48 ወንበር ካዩ የሚያምኑት ወንበሩን ነው።

6. የቅጣት ሥርዓታቸውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ሆኖ ሳለ «ትንሽ ቆንጠጥ ካላደረግናቸው አይሰሙም» የሚል ሱፐርቫይዘር ዛሬም አለ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ራሳቸው ወላጆች «ይግረፉልኝ» የሚሉ መኖራቸው ነው። ልጁ ሲረብሽ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ፣ ከጓደኛው ጋር ሲጣላ ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚደረግ የተጻፈ ደንብ ካላቸው ይሰጡዎታል። ከሌላቸው ውሳኔው በየመምህሩ ባሕርይ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ክፍያ የዘገየበት ወላጅ ልጅ ከክፍል እንዲወጣ ወይም ሰልፍ ላይ ስሙ እንዲጠራ ያደርጉ እንደሆነም ይጠይቁ።

7. የዓመቱን ሙሉ ወጪ ይደምሩ

ወላጅ የሚያወዳድረው ወርኃዊውን ክፍያ ነው፣ የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል ወርኃዊ ክፍያው 3,500 ብር የሆነ ትምህርት ቤት በ10 ወር 35,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ መመዝገቢያ 4,000፣ መጽሐፍና ደብተር 5,000፣ ደንብ ልብስና የስፖርት ልብስ 4,000፣ ሰርቪስ በወር 2,500 ሂሳብ 25,000 ቢጨመር ድምሩ 73,000 ብር ነው። እንግዲህ 3,500 የመሰለው 7,300 ሆኗል ማለት ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ያላገኘውን ለማሟላት አስጠኚ በወር 2,000 ብር ከተቀጠረ ደግሞ ዓመታዊው ወጪ 93,000 ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ብዙ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስጠኚ የሚቀጠርላቸውን ትምህርት ቤት እኔ እንደ ጥሩ ምልክት የማላየው።

ክፍያው በወር፣ በሩብ ዓመት ወይስ በግማሽ ዓመት እንደሆነ፣ ሲዘገይ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ልጁ መሐል ላይ ቢወጣ ምን ያህል እንደሚመለስ፣ ሁለተኛ ልጅ ቅናሽ እንዳለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉት። ክፍያ ለመጨመር ያሰበ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ማወያየት ይጠበቅበታል። ያለፈውን ዓመት ጭማሪና የስብሰባውን ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከወላጅ ኅብረቱ አባላት ይስሙ፤ 30 ወላጅ በተገኘበት ስብሰባ የጸደቀ ጭማሪ 600 ልጅ ላይ መጫኑ የተለመደ ነው፣ ጥፋቱም የቀረነው የእኛም ጭምር ነው። የከፈሉትን ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም ዓመቱን ሙሉ ያስቀምጡ።

8. ሰርቪሱን ከበሩ ላይ ቆመው ይዩ

ሰርቪስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መውጫ ላይ ቆመው ልጆቹ ሲሳፈሩ ይቁጠሩ። 12 ሰው በሚይዝ ሚኒባስ 20 ልጅ ከገባ፣ ወይም ረዳት ሳይኖር ሹፌሩ ብቻውን ከሆነ፣ ያንን ሰርቪስ አይያዙ። መኪናው የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ በወላጅና በሹፌር መካከል የሚደረግ ስምምነት የሚለውንም ይለዩ፤ በሁለተኛው ዓይነት ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አልወስድም ሊል ይችላል።

9. ወላጆችን በሰዓቱ ያግኙ

እዚያው መውጫ ላይ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች አሉ። የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ወላጆችን ይምረጡ፣ ምክንያቱም የአፀደ ሕፃናት ወላጅ ሁሉ ገና ደስተኛ ነው። «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» ካሉ ጥሩ ነው ይሉዎታል። ይልቁንስ «ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ቅር ብሎዎት ሲናገሩ ምን መለሱልዎ?» ብለው ይጠይቁ። ማን እንዳነጋገራቸው፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ይነግሩዎታል። ጥበቃውም ብዙ ያውቃል፣ ሰላምታዎ መልካም ከሆነ።

«100 ፐርሰንት አሳለፍን» የሚለውን ባነር በተመለከተ፣ ስንት ተማሪ ተፈትኖ እንደሆነና ደካማ የተባሉት ልጆች 5ኛ ክፍል ላይ «ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉላቸው» ተብለው እንደነበር ይጠይቁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩም ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሱ፤ ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ባነር ብዙ ነበር።

10. ይመዝገቡ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻም ፋይሉን አይዝጉ

ከወረዳ የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ከሆነም ካርድና መሸኛ ያዘጋጁ። ልጁ አስም፣ የምግብ አለርጂ ወይም ሌላ ሕመም ካለው በቅጹ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ፣ ለክፍል ኃላፊዋም በቃል ይድገሙላቸው። ልጅዎ ሰባት ዓመት ሳይሞላው «ጎበዝ ስለሆነ ይግባ» ቢሉዎት አይቸኩሉ፤ ያን ጊዜ የተገኘ አንድ ዓመት በኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይከፈላል።

ትምህርት በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ በየካቲት የሌላ ልጅ ደብተር እንደገለጡት የራስዎን ልጅ ደብተር ይግለጡ። ከራይቶቹ ሦስቱን መርጠው ራስዎ ይሥሯቸው። የተሳሳተ ነገር ካገኙ ደብተሩን ይዘው ለመምህሯ ብቻዎን ያሳዩአቸው፣ ልጁ በሌለበት። በሳምንቱ እርማቱ ደብተሩ ላይ ገብቶ ካላዩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሂዱ፤ ያን ቀን የሚሰጡዎትን መልስ ከነቀኑ በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉት፣ በሚያዝያ ዳግም ምዝገባ ሲመጣ ያስፈልግዎታል።